ማን ነው የላጨሽ?

ጃንዲራ የሰው ስም ትረሳለች፤ ጭንቅላት ግን አትረሳም። በብራዚል፣ በሳልቫዶር ከተማ ካለው ከጃኬራ ኮረብታ ሴቶች የማን ማጅራት ላይ ጠባሳ እንዳለ፣ የማን ፀጉር ከግንባሯ እየሸሸ እንደመጣ፣ ማን ከወሊድ በኋላ እፍኝ እፍኝ እንደረገፈባት ከባለቤቶቹ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ዕድሜዋን የፈጀችው አንድ ክፍል ፀጉር ቤቷ ውስጥ ከርዳዳውን ሉጫ ስታደርግ ነው። ሥራውን ያስተማረቻት አክስቷ ነበረች። የጋለውን ካውያ ከከሰል ላይ እያነሳች በልጅነቷ ጆሮዋን ስትጠብሳት፣ "ይሄ መጥፎ ፀጉር ነው፣ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ" ትላት ነበር። ጃንዲራም ዝም ብላ ተቀመጠች። ካደገች በኋላ በተራዋ የሌላውን ሰው ጆሮ ጠበሰች፤ በተራዋም "ዝም ብለሽ ቁጭ በይ" አለች። በዚህ ማንም አልተቀየማትም፣ ደህና ስም ነበራት።

ስሟ የጠፋው በፀጉር መላጫ ማሽኑ ነው።

ኮረብታውን የሚገዙት ልጆቹ ናቸው። ጺም ያበቀሉትም፣ ልጅ የወለዱትም "ልጆቹ" ነው የሚባሉት። መሣሪያ አላቸው፣ ሕግም አላቸው። ወንድ ሲያጠፋ መዳፉን በጥይት ይበሱታል። ሴት ወሬ አመላለሰች፣ ባሏ ታስሮ ሳለ ሌላ አየች፣ ከማዶው ኮረብታ ሰው ጋር ተነጋገረች ከተባለ ደግሞ ትላጫለች። ተላጭታም በጠራራ ፀሐይ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ ገበያ ብትሄድ፣ ጸሎት ቤት ብትገባ፣ ያያት ሁሉ ያውቃታል። ብዙዎቹ ፀጉራቸው እስኪበቅል አይጠብቁም፤ ዕቃቸውን ሸክፈው አገር ይቀይራሉ።

የመጀመሪያዋን ሴት ልጆቹ ራሳቸው በወጥ ቤት ቢላ ላጯት። የጭንቅላቷ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተነሣ። አለቃቸው በቅጽል ስሙ ጋሎ ይባላል፣ አውራ ዶሮ ማለት ነው። እሱን ደሙ ሳይሆን ጩኸቱ አሰለቸውና ለሚቀጥለው፣ "አክስት ጃንዲራን ጥሯት፣ ማሽኗን ይዛ ትምጣ" አለ፤ ለልጆቹ ትልቅ ሴት ሁሉ አክስት ናት። ሄደች። ባትሄድ ምን እንደሚያደርጓት ታውቃለች። ደግሞም "በእኔ እጅ ከሆነ አይደሙም" ብላ ራሷን አታለለች። እውነትም አልደሙም። የሴትዮዋ ትከሻ ማሽኑ ሲነሣ የተንቀጠቀጠው መንቀጥቀጥ ግን ጃንዲራ እጅ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሌሎችንም ላጨች። ደንበኞቿ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ሆኖም ከኋላቸው ስትቆም አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ይሰበስባሉ። ደረጃው ላይ ስታልፍም "ላጪዋ መጣች" ሲሉ ትሰማለች።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው አዲሷ አስተማሪ ኖኤሚያ አንድ ጠዋት ደረጃውን የወጣችው። ረጅም፣ ጥቁር፣ እንደ አምባር የሰፋ ጉትቻ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ፀጉሯ ግን ከጣት አንጓ አይበልጥም። ሴቶቹ ሲያዩዋት ክው አሉ። ከኮረብታው ሥር ነጭ የራስ ሻሻቸውን አስረው አካራዤ የሚባለውን የባቄላ ጥብስ በቀይ የዘንባባ ዘይት የሚጠብሱት ዶና ዞራይዴ ጭልፋቸውን ጥለው ተነሡና ነጠላቸውን በአስተማሪዋ ራስ ላይ ጣል አደረጉባት።

"ውይ ልጄን! ማን ነው የላጨሽ?"

"ኧረ ማንም አልላጨኝም፣ እናቴ።"

"አትፍሪ፣ እዚህ ማንም አይሰማሽም። ከየትኛው ኮረብታ አባረሩሽ?"

"ሳልቫዶር መሃል ከተማ ፀጉር ቤት ገብቼ፣ ከፍዬ ነው የተቆረጥኩት።"

"ከፍለሽ?" አሉ ዶና ዞራይዴ።

"ከፍላ ተላጨች!" ብላ አንዷ ሳቋን ለቀቀችው። ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ሳቁ ባንድ ጊዜ ቆመ። ዶና ዞራይዴ የጋሎ እናት ናቸው። በዚህ ኮረብታ ላይ "ማን ነው የላጨሽ" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያም የእሳቸው ልጅ። አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ምጣዳቸው ተመለሱ።

ኖኤሚያ በዚያው ሳምንት የፀጉሯን ጠርዝ ለማስተካከል ጃንዲራ ጋ መጣች። ጃንዲራ ጣቶቿን ከታች ወደ ላይ ሰደደችና ቆም አለች። በዘመኗ ሁሉ ካውያም ማለስለሻ ክሬምም ያልነካው የትልቅ ሴት ፀጉር ዳብሳ አታውቅም።

"ለስላሳ ነውኮ" አለች።

"ምን ጠብቀሽ ነበር?"

"እሾህ።"

ኖኤሚያ ከት ብላ ሳቀች። "ችግርም የለው፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ እረጨዋለሁ፣ በኮኮናት ዘይት አሸዋለሁ፣ ማታ የሐር ሻሽ አስሬ እተኛለሁ። የቀረው አንገት ነው።"

"አንገት ደግሞ ምን አገባው?"

"አንገትሽን ከደፋሽ 'ተላጨች' ይሉሻል። ካቀናሽ 'ተቆረጠች' ይሉሻል። ፀጉሩ እንደሆነ ያው አንድ ነው።"

ጃንዲራ ጠርዙን አስተካክላ ሸኘቻት። ማታ ግን ቃሉ ከአፏ አልጠፋም፤ ተላጨች፣ ተቆረጠች እያለች እራቷን በላች።

ዳቦ ቤት የምትሠራው ሉዚኔቴ የተያዘችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ያጠፋችው ጥፋት ቢኖር የማዶው ኮረብታ ልጅ ባሕር ዳር የተነሣውን ፎቶ ስልኳ ላይ አይታ አንዲት ቀይ ልብ መጫኗ ነው። ለዚች ልብ እሑድ በቀትር ኳስ ሜዳው ላይ አወጧት፤ ሰዉም እንዲያይ ከየቤቱ ተጠራ። አንዱ በሳንቃ ጀርባዋን ሲመታት የሳንቃው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ ያስተጋባል። ሌላው አፏን በቦክስ አላት፤ ጥርሷን ከደሟ ጋር ተፋች። እናቷ ልትሮጥ ስትል በጠመንጃ ሰደፍ ሆዷን ብለው አስቀመጧት። ሉዚኔቴ መጮህ ሲያቅታት ወንበር ላይ ጎትተው አስቀመጡና ጃንዲራን ማሽኗን አስይዘው አመጧት።

ጋሎ ቢጫ የብራዚል ማሊያውን ለብሶ ጥላ ሥር ተቀምጧል። "አክስቴ፣ ቶሎ ቁረጪላትና እንገላገል። ፀሐዩ አናት ይበሳል" አለ።

ቁረጪላት አለ፤ ላጪያት አላለም። ሰነፍ አፉ ያመለጠው ቃል ነው እንጂ ምንም ማለቱ አልነበረም። ጃንዲራ ግን ያቺን ቃል ይዛ ቀረች። ፈርታለች። ሆኖም እጇ ኪሷ ገብቶ ማሽኑ ላይ የሚገጠመውን ማበጠሪያ አወጣ። በማለስለሻ የሞተውን ረጅም ፀጉር በመቀስ ጣለችው። ከሥር አዲስ የበቀለው ጥቅልል፣ ከርዳዳ፣ ጥቁር ፀጉር ብቅ አለ። ጎንና ጎኑን ዝቅ፣ አናቱን ከፍ አድርጋ ከረከመችው። የግንባሩንና የጆሮ ግንዱን ጠርዝ በምላጭ አጠራች። የልጅቷን አፍ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከኪሷም ዘይቷን አውጥታ መዳፏ ላይ አሞቀችና ራሷን አሸችላት።

"ቀና በይ" አለቻት በጆሮዋ።

"አልችልም።"

"አገጭሽን ብቻ። ለእኔ ስትይ።"

ሉዚኔቴ አገጯን አነሣች። ከንፈሯ አብጧል፣ አንድ ዓይኗ ተዘግቷል፤ ያም ሆኖ ያች ጭንቅላት የንግሥት ጭንቅላት ነበረች።  ከተሰበሰበው ሰው ጋር የቆሙት ዶና ዞራይዴ ሳያስቡት፣ "ወይ ስታምር!" አሉ።

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ምን ዋጋ አለው፣ ጋሎ ሰምቷል። ከወንበሩ ተነሣ።

"ላጪ ነው ያልኩሽ።"

"አላልክም" አለች ጃንዲራ። "ቁረጪላት ነው ያልከው። ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቷል።"

ከሰዉ መሃል አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፣ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ጃንዲራን ለቃጠሎ የዳረጋት ይህ ሳቅ ነው።

ጋሎ ልጅ ልኮ ከፀጉር ቤቷ የማለስለሻውን ክሬም ጣሳ ሙሉ አስመጣ። የሥራ ጓንቷንም አስመጣ፤ ለራሱ እጅ ሲሆን ይሳሳል። በገመድ ከወንበሩ ጋር አስሯት፣ "ፀጉር ትወጃለሽ አይደል? እኔ ደግሞ ላለስልስልሽ" እያለ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ለቀለቃት። ክሬሙ ሲቀባ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ ያሳክካል። ከዚያ ይነክሳል። በዚህ ጊዜ ነበር እሷ ለደንበኞቿ "ትንሽ ታገሺ" ስትልና ውሃ ስታወርድላቸው የኖረችው። አሁን ውሃ የሚያወርድ የለም። የሚነክሰው ነገር ቆዳዋን አልፎ ገባ፤ ላቧ ይዞት ወደ ጆሮዋ ወረደ። ጃንዲራ ጮኸች። ጀግና አልነበረችም፣ ለመነችው፣ ሰደበችው፣ በእናቱ ስም ለመነችው። እናቱ እዚያው ቆመው ነበር። እጃቸውን ከአፋቸው ሳያነሡ ጥቂት አዩና ዞረው ወደ ታች ወረዱ። ጋሎም የሰለቸው ጊዜ ጓንቱን አውልቆ ሄደ። ገመዱን የፈቱላትና ቧንቧ ሥር የነከሯት ኖኤሚያና ያቺው የተደበደበችው ሉዚኔቴ ናቸው። ከውሃው ጋር ፀጉሯ፣ ከፀጉሯ ጋር ቆዳዋ ወረደ።

ሆስፒታል ሰነበተች። ስትወጣ ከግንባሯ ተነሥቶ በግራ ጆሮዋ በላይ አልፎ ማጅራቷ ላይ የሚያልቅ፣ የጣት ስፋት ያለው የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ነበራት። እዚያ ላይ ፀጉር ድጋሚ አይበቅልም ተብላለች። ጎረቤቶቿ ሰው ሠራሽ ፀጉር ይዘውላት መጡ። "ይህን አድርጊና ውጪ፤ ከወጣሽም አትመለሺ" አሏት። እሷ ግን አልጋዋ ላይ ተጋድማ የምታስበው ጋሎን ስለ መግደል ነበር። በምላጭ። የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ደሙ ወዴት እንደሚፈስ፣ ሲወድቅ ዓይኑ ምን እንደሚመስል። ሌላ የሚያጽናናት ሐሳብ አልነበረም፤ በዚህም አታፍርም።

የቀረው ፀጉሯ ሲበቅል መስታወቱ ፊት ተቀመጠች። እዚህ ኮረብታ ላይ ካልኖረች የት ነው የምትኖረው? እናቷ እዚህ ሞተች፣ ወንበሯ እዚህ ነው፣ የምታውቃቸው ጭንቅላቶች ሁሉ እዚህ ናቸው። ሊወስዱባት የፈለጉት ይህንን ነው። ማሽኑን አስነሥታ ፀጉሯን አሳጠረች። ጠባሳውን ግን አልሸፈነችውም። በምላጭ ጠርዙን አጠራችለት፤ በራሷ ፈቃድ ያወጣችው ፈለግ እስኪመስል ድረስ አጠራችው። ውሃ ረጨች፣ ዘይት አሸች፣ ቀይ ጉትቻ አደረገች። ከዚያም ዳቦ ልትገዛ ወጣች።

ልጆቹ ከደረጃው ጥግ ፉጨታቸውን አወረዱባት። "አክስቴ፣ መንገዱ ወዴት ነው የሚወስደው?" አለ አንዱ ጠባሳዋን እያሳየ።

"እናትህ ቤት" አለችው፤ ድንጋይ ማጅራቷን መታት። ደሟ ቀሚሷ ውስጥ እየወረደ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ዳቦዋን ገዝታ ተመለሰች። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና ደሙን አጠበች።

ማንም ሱቋ አልመጣም። ልጆቹን መፍራቱም አለ፣ እሷን ማየት ማፈሩም አለ። በመጨረሻ የመጣችው ሉዚኔቴ ናት። ኮረብታውን አልለቀቀችም ነበር።

"እንደ አንቺ አድርጊልኝ" አለች።

"ምን?"

"መስመሩን። በግራ በኩል፣ ከግንባር እስከ ማጅራት።"

"አብደሻል? ይገድሉሻል።"

"ጥርሴን እንደሆነ ወስደዋል። የእኔን ፀጉር ማን እንደቆረጠው እኔ ልናገር።"

ጃንዲራ ምላጩን ይዛ አለቀሰች። ጋሎ ያቃጠላት ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ከዚያ ሠራችላት። ከሉዚኔቴ በኋላ የልጅቷ እናት መጣች፤ ከእናቷ በኋላ አንዲት ልብስ አጣቢ፣ ከዚያም ከዚህ በፊት ጃንዲራ በገዛ እጇ የላጨቻት አንዲት ሴት። ይህችኛዋ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ አንገቷን አልሰበሰበችም። ልጆቹ ከሴቶቹ ሁለቱን ደረጃ ላይ ይዘው ደበደቡ፤ የአንዷን ክንድ ሰበሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ የሱቁን መስታወት በጥይት መቱት፤ መስታወቱ ተሰነጣጠቀ እንጂ አልወደቀም። ሴቶቹ በየቤታቸው ማሽን እየተዋሱ ሥራውን ቀጠሉ። ልጆቹም ግራ ገባቸው። አዲስ የላጯት ሴት ደረጃውን ስትወርድ የሚያፍርላት ሰው የለም፤ ከላይ እስከ ታች ያሉት ሁሉ እሷኑ ይመስላሉ። ማን እንደተቀጣ፣ ማን እንደተቆረጠ የሚለይ ጠፋ።

ጋሎ ይህ አልተዋጠለትም። ሱቁን ከነባለቤቷ አቃጥላለሁ ብሎ ዛተ፤ አንድ ጠዋትም ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሽጦ፣ ቤንዚን የሞላ ጄሪካን አንጠልጥሎ መጣ። ከኋላው ልጆቹ አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ዘጋ። የጃንዲራ በር ብቻ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ጃንዲራ ጀርባዋን ሰጥታው ሥራ ላይ ነበረች። ወንበሩ ላይ፣ ጨርቅ እስከ አንገታቸው ድረስ ተሸፍነው የተቀመጡ ሴት አሉ። ጉልበታቸው ላይ በወጉ የታጠፈ ነጭ የራስ ሻሽ አለ።

"እማዬ?" አለ ጋሎ።

"አትንቀሳቀስ" አሉ ዶና ዞራይዴ ራሳቸውን ሳያዞሩ። "ምላጩ ጭንቅላቴ ላይ ነው።"

አልተንቀሳቀሰም። ምላጩ ከግራ ጆሯቸው በላይ ነበር፤ ትንሽ ዝቅ ቢል የሚመታው ደም ሥር አለ፤ ጃንዲራ አጥንታ የማትሰለቸው ያ ቦታ። እጇ ቆመ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ያሰበችው ሁሉ መጣባት። ከዚህ የበለጠ የሚያመው የት ታገኛለች? ይየው፣ ቆሞ ይየው፣ እንደ እኔ ይለምን አለች በልቧ። ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። ዶና ዞራይዴ በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ ዓይኗን አዩና ያሰበችውን አወቁ። ያን ቀን ከሜዳው ዞረው መውረዳቸውንም ሁለቱም አልረሱትም። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰጧት።

"ጨርሺ፣ ልጄ" አሉ።

 ጃንዲራ ምላጩን ወደ ላይ መለሰችና መስመሩን እስከ ማጅራታቸው አወጣችው። ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ መስመር ነው። ሽበታቸውን በዘይት አሸችላቸው፤ የዕድሜ ልክ ማለስለሻ ያደከመው ቆዳ እጇ ሥር ሞቀ።

ዶና ዞራይዴ ተነሡ። ነጩን ሻሽ ልጃቸው ደረት ላይ አድርገው ሰጡት።

"ታች የሚጠይቁኝ አሉ" አሉት። "'ማን ነው የላጨዎት' ሲሉኝ የማንን ስም ልጥራ?"

"እማዬ፣ እኔ አልነካሁሽም!"

"ታዲያ ሌላ ማን አለ ብዬ ላሳምናቸው? በዚህ ኮረብታ ከአንተ ሌላ የሚላጭ አለ?"

ልጆቹ መንገድ ለቀቁላቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ተገልጠው፣ አንገታቸውን አቅንተው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። የመጀመሪያው በር ተከፈተ።

"ውይ ዶና ዞራይዴ! ማን ነው የላጨዎት?"

"ልጄ።"

ሁለተኛው በር ተከፈተ።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገዎት፣ እናቴ?"

"ልጄ ነዋ። ያጠባሁት ልጄ።"

በር በተከፈተ ቁጥር ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። ከላይ ሆኖ ሁሉም ይሰማል። ከልጆቹ አንዱ መሣሪያውን ትከሻው ላይ መልሶ ፊቱን አዞረ፤ እሱም እናት አለችው። ጋሎ ጄሪካኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ በሻሹ ጆሮውን ያዘ።  ጃንዲራ ከወንበሩ ላይ ጨርቁን አንሥታ በሩ ላይ አራገፈችው፤ የእናቱ ነጭ ፀጉር ጫማው ላይ ወደቀ።